ትንፋሽ እስክንሰበስብ

ለዓመታት የተለያችሁትን የቤተ ሰብ አባል ለመቀበል ቦሌ አየር ማረፊያ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከቆማችሁ ስፍራውን መግለጽ አያስፈልገኝም። አበባ የያዘ አለ፤ ሕፃን ያቀፈ አለ፤ በሰው ትከሻ ላይ እየተንጠራራ "መጣች! መጣች!" የሚል አለ። ሳቁና ለቅሶው አንድ ላይ ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ስፍራ ቆሜ ነበር። ባለቤቴ ሦስት ዓመት ሙሉ በጅቡቲ ወደብ ሲሠራ ቆይቶ፣ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ቀን ነበር።

ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለዚያ ቀን ደስታ አይደለም። ደስታውን የቀመሰ ያውቀዋል። የማጫውታችሁ ከዚያ በኋላ ስለ መጡት ሳምንታት፣ ስለ ቤታችን ደረጃ፣ እንዲሁም በዓይኔ አይቼው ስለማላውቀው፣ ነገር ግን ስለ ትዳሬ ብዙ ስላስተማረኝ አንድ የባሕር እንስሳ ነው።

አራተኛ ፎቅ

ቤታችን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ከቦሌ ተነሥተን በጎሮ በኩል ስንሄድ ባለቤቴ ዓይኑን ከታክሲው መስኮት አልነቀለም። "ይህ ሕንፃ መቼ ተሠራ? ያኛውስ?" እያለ ይጠይቃል፤ እኔም እንደ አስጎብኚ እመልሳለሁ። እንዲህ እየተጫወትን ደረስን። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ እንደምታውቁት እኛ ብሎክ ውስጥ አሳንሰር የሚባል ነገር የለም። አራተኛ ፎቅ ማለት በእግር የሚወጣ አራተኛ ፎቅ ነው። እኔ ውኃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ይዤ የምወጣበት ደረጃ ስለሆነ ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ትንሹን ሻንጣ አንሥቼ ፊት ፊት ወጣሁ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደርሼ ዞር ስል ባለቤቴ የለም። ወደ ታች ብመለከት የደረጃውን ብረት ይዞ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

"ምነው? ምን ሆንክ?"

"ምንም አልሆንኩም። ትንፋሽ ልሰብስብ።"

ጎረቤቶቻችን ሰምተው "የጅቡቲ ሙቀት አቅልጦ ላከህ እንዴ!" ብለው ቀለዱበት። እርሱም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን በሳቅ አላለቀም። በዚያች ሌሊት ራሱን አመመው፤ እንቅልፍም እምቢ አለው። በማግስቱ ሱቅ ድረስ ወርዶ ሲመለስ ጉልበቱ ከድቶት አልጋው ላይ ተዘረጋ። እሑድ ጸሎት ቤት ስንሄድ ደግሞ፣ ድሮ ኳየር ውስጥ ድምፁ ከሁሉ ተለይቶ ይሰማ የነበረ ሰው፣ አንዱን መዝሙር ሳይጨርስ ዝም አለ።

በአራተኛው ቀን ገርጂ ያለችውን አክስቴን፣ ከዚያም መገናኛ ያለውን ወንድሙን ልንጠይቅ ቀጠሮ ይዤ ነበር። ለባብሼ ስጠብቀው "እባክሽ ዛሬ እንረፍ" አለኝ። እኔም ከአፌ አውጥቼ ልመልሰው የማልችለውን ቃል ተናገርኩ፦ "ሦስት ዓመት ስጠብቅህ ኖሬ አሁን ደግሞ ሶፋ ላይ ልጠብቅህ? ልብህን እዚያው ትተኸው መጥተሃል መሰለኝ!" ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ቀኑን ሙሉ ሳንነጋገር ዋልን። በሦስት ዓመት ርቀት ያልተበጠሰ ትዳር በአራት ቀን ቅርበት ሊላላ ሲጀምር ተሰማኝ።

በማግስቱ ቂሜም ስጋቴም ሳይለቀኝ ወደ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ ልቡንና ሳንባውን አዳመጠ፤ ጣቱ ላይ መሣሪያ ሰክቶ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለካ፤ አንዳንድ ምርመራዎችንም አዘዘ። ውጤቱን አይቶ "ከየት ነው የመጣኸው?" አለው።

"ከጅቡቲ።"

"በአውሮፕላን?"

"አዎ።"

ሐኪሙ ፈገግ አለ። "እንግዲያው አንተ ጤነኛ ነህ። የተለወጠብህ አየሩ ነው። ጊዜ ስጠው።"

ቦሌ ላይ አንድ ትንፋሽ ስንት ነው?

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ መሆንዋን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ግን ስንቶቻችን በየቀኑ እናስበዋለን? ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። የጅቡቲ ወደብ ግን ባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው። ከዚያ ወደዚህ የሚደረገው በረራ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የባለቤቴ ሰውነት ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ሲወጣ መንገዱ ለመላመድ ዕድል አልሰጠውም።

በከፍታ ላይ "ኦክስጅን የለም" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። አባባሉ ትክክል አይደለም። በጅቡቲም ሆነ በቦሌ ከአየሩ መቶ እጅ ውስጥ 21 እጅ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ልዩነቱ አየሩ መሳሳቱ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን የሚጫነን አየር ስለሚቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል። ቦሌ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባውም ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ የአየር መሳሳት አውሮፕላኖችንም ይፈትናቸዋል። በሳሳ አየር ውስጥ ሞተሩም ክንፉም ጉልበታቸው ስለሚቀንስ፣ ከመሬት ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋቸዋል። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3800 ሜትር ነው።

የሰው አካል ደግሞ መንደርደሪያው ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ እንቅልፍ ይረበሻል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀይ የደም ሕዋሳት ቁጥራቸው እየጨመረ ይሄዳል። "ባለቤቴ እኮ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው!" ብዬ ለሐኪሙ ተከራክሬ ነበር። እርሱ ግን ሰውነት የማያስፈልገውን ነገር ተሸክሞ እንደማይኖር፣ ባሕር ዳር ሲቀመጥ ለደጋ ያዘጋጀውን እንደሚቀንስ፣ ሲመለስም እንደገና መሥራት እንዳለበት አስረዳኝ።

የደጋው ሰው አተነፋፈስ ዓለምን ያስደነቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ከ2200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ኦሎምፒክ ስታዘጋጅ፣ የቆላ አገር ሯጮች በረጅም ርቀት ሩጫዎች ትንፋሽ አጥሯቸው ሲቸገሩ የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉት ጥናት ታተመ። በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው በቀይ ሕዋሳት የበዛ ነው፤ በቲቤት የሚኖሩት በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዝቅተኛ ነው። የእኛዎቹ ግን በሁለቱም መለኪያ በባሕር ዳር ከሚኖር ሰው ብዙም አይለዩም ነበር። ለአንድ ችግር ሦስት ሕዝቦች ሦስት ዓይነት መልስ አላቸው ማለት ነው።

በሙሻ ደሴት ያያት ኤሊ

በዚያን ዕለት ማታ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ወደ ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች መብራታቸውን አብርተው በጎሮ በኩል ዝቅ ይላሉ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ "ደረጃው ላይ በቆምኩ ቁጥር ማንን እንደማስታውስ ታውቂያለሽ? አንዲት ኤሊ" አለኝ። እኔ የቀለደ መስሎኝ ነበር።

ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ሙሻ የምትባል ደሴት አለች። በአንድ የዕረፍት ቀን ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በጀልባ ተሻግረው ነበር። ጥልቀት በሌለው ጥርት ያለ ውኃ ውስጥ አንዲት ትልቅ ኤሊ የባሕር ሣር ስትግጥ አየ። ጠጋ ብሎ ሊያያት ትንፋሹን ይዞ ጠለቀ፤ ደቂቃ ሳይሞላው አፍኖት ወጣ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ወጣ። እርሷ እንደ ላም ተረጋግታ ትግጣለች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ቀስ ብላ ወደ ላይ መጣች፤ አፍንጫዋን ብቅ አድርጋ "እፉፍ!" አለችና ተመልሳ ገባች። "ለዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ትንፋሽ በቃት። እኔ ግን በቤቴ ደረጃ ላይ መቶ ትንፋሽ አልበቃኝም" አለኝ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ስለዚህች እንስሳ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በአንድ ትንፋሽ

አረንጓዴው የባሕር ኤሊ ይባላል። ስሙ የመጣው ከቅርፊቱ ሳይሆን ከቆዳው ሥር ካለው አረንጓዴ ከሚመስል ስብ ነው። ሲያድግ የቅርፊቱ ርዝመት አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ክብደቱም ከመቶ ኪሎ በላይ ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ መንገድ ሲያቋርጥ እንደምታዩት የየብስ ኤሊ ራሱንና እግሮቹን ወደ ቅርፊቱ መሰብሰብ አይችልም። እግሮቹ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ናቸው።

ባሕር ውስጥ ቢኖርም እንደ ዓሣ ስንጥብ የለውም። እንደ እኛ በሳንባ የሚተነፍስ ፍጥረት ስለሆነ፣ ውኃ ላይ ካልወጣ ይሞታል። አተነፋፈሱ ግን ከእኛ ይለያል። እኛ ስንተነፍስ የጎድን አጥንታችን ይከፈታል፤ ይዘጋል። የኤሊ የጎድን አጥንት ከቅርፊቱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ደረቱ ሊሰፋ አይችልም። ስለዚህ የሆዱና የትከሻው ጡንቻዎች የውስጥ አካሉን እየገፉና እየሳቡ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ሳንባ ይጨምቁታል፤ ይለቅቁታል።

ትንፋሹ ፈጣንና ሙሉ ነው። እኛ ተቀምጠን ስንተነፍስ በአንድ ጊዜ የምንለውጠው ግማሽ ሊትር ያህል አየር ብቻ ነው፤ በሳንባችን ውስጥ ያለው አብዛኛው አየር እዚያው ይቀራል። ኤሊው ግን ብቅ ሲል አሮጌውን አየር በኃይል አስወጥቶ አዲሱን ወዲያው ይስባል። ሁሉም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ጥቂት ትንፋሽ ነው፤ ግን የተሟላ ትንፋሽ ነው።

ከዚያ ይጠልቃል። ውኃ ደግሞ ከባድ ነገር ነው። አሥር ሜትር ብቻ ሲወርድ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን በሳንባው ያለው አየር ወደ ግማሽ ይጨመቃል። የአየር ቧንቧዎቹ ጠንከር ባለ ልም አጥንት የተደገፉ ስለሆኑ አየሩ ታፍኖ አይቀርም። አብዛኛውን ኦክስጅን የሚያስቀምጠው በሳንባው ስለሆነ፣ ስንቁን እንደ ያዘ መንገደኛ ነው። ሌላው ወገኑ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በታች መጥለቅ የሚችለው ባለ ቆዳ ጀርባ ኤሊ ግን፣ በዚያ ጥልቀት ሳንባው ስለሚጨመቅ በደሙና በጡንቻው በሚይዘው ኦክስጅን ላይ የበለጠ ይታመናል። ለእያንዳንዱ እንደ ኑሮው ተሰጥቶታል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። አረንጓዴው ኤሊ ሲመገብና ሲዋኝ በየጥቂት ደቂቃው ብቅ እያለ ይተነፍሳል። ሌሊት በኮራል ድንጋይ ሥር ገብቶ ሲያርፍ ግን በአንድ ትንፋሽ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። እንዴት? የልቡ ምት እጅግ ይዘገያል። ደሙ በይበልጥ ለሚያስፈልጋቸው የአካል ክፍሎች ይዳረሳል። ሰውነቱን ለማሞቅ እንደ እኛ ኃይል ስለማያባክን በጥቂት ኦክስጅን ይኖራል። ምስጢሩ የሳንባው ትልቅነት ብቻ አይደለም፤ ያለውን አለማባከኑ ነው። ዕረፍት ትንፋሹን ያረዝምለታል።

መረብ ውስጥ

ይህ እንስሳ የዓሣ አጥማጆች መረብ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ሳነብ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ያው ሳንባ ነው፤ ያው ልብ ነው። ነገር ግን ለማምለጥ ይታገላል። ሲታገል ጡንቻው ስንቁን ፈጥኖ ይጨርሰዋል፤ ደሙ በአሲድ ይሞላል። በሰላም ተኝቶ ቢሆን ለሰዓታት የሚቆየው ፍጥረት፣ ከዚያ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሰምጦ ይሞታል። በሕይወት ቢወጣ እንኳ ለማገገም ሰዓታት ያስፈልጉታል። በዚህ ምክንያት ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች ሽሪምፕ የሚያጠምዱ ጀልባዎች በመረባቸው ላይ ለኤሊ ማምለጫ በር እንዲያበጁ ተደርጓል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄና የእንቁላል መጣያ ዳርቻዎች ጥበቃ ተደምሮ፣ ለረጅም ዘመን ለመጥፋት ከተጋለጡት መካከል ይቆጠር የነበረው አረንጓዴ ኤሊ እ.ኤ.አ. በ2025 እምብዛም ስጋት ወደሌለበት መደብ ተዛውሯል።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ ለባለቤቴ መረብ ሆኜበት ነበር። በዕረፍትና በጊዜ ሊያልፈው የሚችለውን ነገር በጥድፊያዬና በነቀፋዬ ትግል አደረግሁበት። የትንፋሹን ማጠር የፍቅሩ ማጠር አድርጌ ተረጎምኩት። እስቲ አስቡት፤ ከመካከላችን የተመለሰውን ሰው "ተለወጥክ፣ ተለወጥሽ" ያላለ ማን አለ? ከዐረብ አገር የመጣችው እህት ዝም ስትል "ኮራች" እንላለን። ከወደብ የመጣው ወንድም ሲያርፍ "ሰነፈ" እንላለን። ለብዙ ጊዜ በሌላ አየር የኖረ ሰው ግን ሳንባው ብቻ አይደለም የሚላመደው። ልማዱም፣ እንቅልፉም፣ ንግግሩም ጊዜ ይፈልጋል። የጠበቀው ሰውም እንዲሁ። እኔም ለሦስት ዓመት ብቻዬን ስወስን ኖሬ እንደገና "እንዴት እናድርግ?" ብሎ መጠየቅን መልመድ ነበረብኝ።

በየማረፊያው

ካነበብኩት ሁሉ የበለጠ የረዳኝ ይህ ነው። ሴቷ አረንጓዴ ኤሊ እንቁላል ልትጥል ወደ ዳርቻው ስትወጣ፣ በውኃ የቀለለ አካልዋ አሸዋ ላይ ይከብዳታል። እየሄደች አትተነፍስም። ጥቂት ራስዋን ትጎትትና ትቆማለች፤ ትተነፍሳለች፤ ደግሞ ትጎትታለች። እንዲህ እያለች ትደርሳለች። መቆምዋ ከመንገዱ መቅረትዋ አይደለም፤ የመንገዱ አካል ነው።

እኛም ደረጃውን እንዲሁ መውጣት ጀመርን። በየፎቁ ማረፊያ ላይ አብረን እንቆማለን። መጀመሪያ ስለ እርሱ ብዬ ነበር የምቆመው፤ ኋላ ግን እዚያ ቆመን የምናወራው ነገር ናፈቀኝ። በሁለተኛው ሳምንት ራስ ምታቱ ጠፋ፤ እንቅልፉ ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ከቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ተነሥተን መገናኛ ድረስ ቀስ እያልን በእግራችን ሄድን፤ ወንድሙንም ያን ዕለት ጠየቅን። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ በቅዳሜ ጠዋት ከድንጋይ ተፈልፍሎ ወደ ተሠራው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል የሚወስደውን የየካ ኮረብታ ወጣን። ሯጮች በአጠገባችን እንደ ነፋስ አለፉ። ከላይ ሆነን ምሥራቁን የከተማ ክፍል እስከ አያት ድረስ ስንመለከት፣ ቁና ቁና የምተነፍሰው እኔ ነበርኩ።

ከቆላ ወይም ከባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ ለምትቀበሉ ጥቂት ምክር ልጨምር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፕሮግራም አታብዙበት። ውኃ በብዛት ይጠጣ፤ ቀስ ብሎ ይራመድ፤ በደንብ ይተኛ። ዘመድ ጥየቃው ይደርሳል። ነገር ግን የትንፋሽ ማጠር ሁሉ የከፍታ ጉዳይ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱን የሚያመው፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ወይም ደም የቀላቀለ አክታ የሚያወጣ ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ እርጉዞችም፣ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ለአፈር የሕይወት እስትንፋስን የሰጠ አምላክ፣ ለባሕር ኤሊ በልክዋ፣ ለሰሜን ተራሮች ሰው በልኩ፣ ለጅቡቲው ተመላሽም በልኩ ሰጥቷል። የአንዱን ልክ በሌላው ትንፋሽ መለካት ግን የእኛ ስሕተት ነው።

ባለቤቴ አሁን ደረጃውን ከእኔ ቀድሞ መውጣት ይችላል። ውኃ በጠፋ ቀን ጀሪካኑን የሚሸከመውም እርሱ ሆኗል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ግን ዛሬም ጀሪካኑን አስቀምጦ ይቆማል፤ እስክደርስ ይጠብቀኛል። "ደከመህ እንዴ?" ስለው፣ "የለም፤ ትንፋሽ ሰብስቢ ብዬ ነው" ይለኛል።

ቤታችሁን ሰላም ያድርግላችሁ።